የብሎክ ዘጠኝ ቀብር

«ሥጋ ነው፤ ይበሰብሳል። ይጠብቁ።»

ይህ ቃል ከ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ጀምሮ በየማለዳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሬዲዮ ይነገራል። የምትናገረው ሴት ድምፅዋ የለዘበ፣ አነጋገሯ የታረመ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልሳለችም። በብሎክ ዘጠኝ የቀሩት አርባ አንድ ሰዎች ከጀርባዋ ከማሽን በቀር ማንም እንደሌለ ካወቁ ቆይተዋል። ሆኖም ቃሉ ሲነገር ሥራ አቁመው ያዳምጣሉ። ከዚያ በኋላ ተረኞቹ የዝናቡን ውኃ ለመለካት ወደ ጣሪያ ይወጣሉ፤ ሌሎቹ በየበረንዳው የተከሉትን ጎመንና ድንች ይኮተኩታሉ፤ አንድ ሰው ደግሞ ከስድስተኛ ፎቅ መስኮት ሆኖ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ይቈጥራል።

ቁጥሩ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነው። ባለፈው ዓመትም ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ነበር።

የሬዲዮዋ ሴት «ሕሙማን» ትላቸዋለች። የብሎክ ዘጠኝ ሰዎች ግን ቆሞ ቀሮች ይሏቸዋል። በሽታው ከገደላቸው በኋላ አልወደቁም፤ ቆሙ። ሰው ሲቀርባቸው ይነክሳሉ፤ ሰው ከሌለ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው ዝም ይላሉ። ጣሳ ቢንኳኳ፣ ድንጋይ ቢወረወር አይዞሩም። ሕንፃው ሃያ ሁለት ፎቅ ሲሆን፣ ከአምስተኛ ፎቅ በታች ያለው ደረጃ በአልጋ፣ በቁም ሣጥንና በማጠቢያ ማሽን ተደፍኗል። እነሱ ያንን ክምር መውጣት አይችሉም። የላይኞቹም መውረድ አይችሉም።

ናሆም ውብሸት ከእነዚህ ከአርባ አንዱ አንዱ ነበር። ዕድሜው ስድሳ ስምንት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚሁ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ የሉካንዳ ቤት ባለቤት፣ ሃያ ዓመት ደግሞ የብሎኩ እድር ጡሩምባ ነፊ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ዘመን የሌሎች ብሎኮች እድሮች ሞትን በስልክ መልእክት ያስታውቁ፣ ቀብሩንም ለድርጅት ይሰጡ ነበር፤ አባላቱ ቤታቸው ተቀምጠው ሥርዓቱን በስክሪን ይከታተላሉ፤ ከፈለጉም ስክሪኑን በጣታቸው ነክተው የሐዘን ምልክት ይልካሉ። የብሎክ ዘጠኝ እድር ግን ጡሩምባውን፣ ድንኳኑን፣ ቃሬዛውንና የስም ጥሪውን አልተወም። አባል የሆነ ሰው በጎሕ ጡሩምባ ሲሰማ ይወርዳል፤ ከቃሬዛው ኋላ ይሄዳል፤ መቃብሩ አጠገብ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል፤ የእድሩ ዳኛ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ እስኪያሰናብተው ድረስ ከቦታው አይነቃነቅም። የሰፈሩ ሰው «የሙዚየም እድር» እያለ ይስቅባቸው ነበር።

ያጠፋቸውም ይኸው ነው። በሽታው በገባበት ሳምንት በሦስተኛ ፎቅ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ናሆም ጡሩምባውን ነፋ። ሁለት መቶ ያህል ሰው ድንኳኑ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ቤታቸው ተቀምጠው በስክሪን ያለቀሱት ብሎኮች ግን ብሎክ ዘጠኝ ካጣው ሰው እኩሌታውን እንኳ አላጡም። ናሆም ይህን ያውቃል። ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር፤ ይሁንና ይነግሩታል።

በኅዳር 8 ቀን 2074 ዓ.ም. ከሬዲዮው ቃል ጥቂት ቀደም ብሎ ሚስቱ ሶልያና ሞተች። በሽታው አልነካትም፤ የገደላት አስም ነው። ናሆም ዓይኖቿን ከደነ፤ አገጯን በነጠላዋ ጫፍ አሰረ፤ ከዚያም በሩን ከውስጥ ቆለፈው።

የቆለፈበት ምክንያት ደንቡ ነው። ላይ የሞተ ሰው፣ በምንም ይሙት በምን፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ይጣላል። ከዚህ በፊት ዘጠኝ ሰዎች ተጥለዋል። የሊፍቱ ድምፅ ከጣሪያው ፀሐይ ኃይል ስለሚያገኝ እስከ አሁን ይሠራል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር «እንኳን ደህና መጡ፤ ወዴት ልውሰድዎ?» ይላል።

ኢንጂነር ያፌት በሦስት ሰዓት መጣ። አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ በኮሚቴ ሊቀመንበርነቱ ማንንም ሳያዳላ ውኃ የሚያካፍል፣ ለራሱም ከድርሻው በላይ አንዲት ጠብታ ወስዶ የማያውቅ ሰው ነው። ለሬሳ መገነዣ የሚሆን የተጠቀለለ ፕላስቲክ በብብቱ ይዟል።

«ጋሽ ናሆም፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በሩን ይክፈቱልኝ።»

«ፕላስቲኩን መልሰህ ና፤ እከፍትልሃለሁ።»

«እትዬ ሶልያናን እኔም እወዳቸው ነበር። ያስተማሩኝ ናቸው እኮ፤ ሁለተኛ ክፍል። ደንቡ ግን...»

«ያስተማረችህን ሴት ሊፍት ውስጥ ልትወረውራት ነው?»

ያፌት ከበሩ ማዶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚሆነው ብለው ነው?» አለ። «ሁለት ክረምት ቢቀራቸው ነው። ይወድቃሉ። ያን ጊዜ ለሁሉም በወጉ መታሰቢያ እናደርጋለን።»

ናሆም በሩን ከፈተው።

«ያፌት ልጄ፣ አንተ ሕንፃ ታውቃለህ፤ እኔ ሥጋ አውቃለሁ» አለው። «ሥጋ የሚበሰብሰው ታፍኖ ሲቀመጥ ነው። ነፋስና ፀሐይ ባለበት ብትሰቅለው ግን ቋንጣ ይሆናል። እነዚህ በዚህ ብርድና በዚህ ነፋስ ሦስት ዓመት ቆሙ፤ ክረምት ሲመጣ በሕንፃው ሥር ይጠለላሉ። ትናንት ስንት ቆጠራችሁ?»

«ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።»

«ባለፈው ዓመትስ?»

«ያው ነው።»

«የጣሪያው ውኃ ግን ቀንሷል። ሰዉም ቀንሷል፤ ከዛሬ ጀምሮ አርባ ነን። እየበሰበስን ያለነው እኛ ነን። የሬዲዮዋ ሴትዮ ትጠብቅ፤ እሷ አትጠማም። እኔ ሚስቴን መሬት ውስጥ እቀብራለሁ።»

«እንዴት አድርገው?»

«እንደ ወጉ። ጡሩምባዬን ስጠኝ።»

የያፌት ፊት ተለወጠ። ጡሩምባው ከዚያ ቀብር ወዲህ በኮሚቴው ቢሮ ግድግዳ ላይ «የተከለከለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ተሰቅሏል። «ያ ጡሩምባ ነው እኮ የፈጀን!» አለ። «አሁን ደግሞ የቀረነውን ሊጨርሱን ነው? ድምፅ እንደማይጠራቸው ሞክረን አይተናል። ቢጠራቸው ደግሞ ይብሳል!»

«ጣሳ ነው የመታችሁት። ለጣሳ ማን ይመጣል? እኔ ሃያ ዓመት የጠራኋቸው በጡሩምባ ነው። በየማለዳው ከበረንዳዬ አያቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ያዞሩት ድንኳኑ ይተከልበት ወደነበረው ቦታ ነው። ቦታውን ክፍት ትተው ዙሪያውን ቆመዋል። አሰናባች አጥተው እንደሆነስ ምን ታውቃለህ?»

ያፌት ፕላስቲኩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረው። «የዕቃ ማውረጃውን ቅርጫት አልከለክልዎትም» አለ በመጨረሻ። «የሚወርድ ሰው ይውረድ። ወደ ላይ ግን ቅርጫቱ ባዶውን ነው የሚመለሰው። አርባ ሰው በአንድ ሬሳ አልለውጥም።» ይህን ብሎ ሄደ።

ወሬው በፎቆቹ ሁሉ ሲዳረስ ሰዓት አልፈጀም። ከሰዓት በኋላ የአሥራ አንደኛ ፎቋ ኤልዳና መጣች። ከበሽታው በፊት ከባድ መኪና ትነዳ የነበረች፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ምላሷ የማይመለስ ሴት ናት። ጡሩምባውን በሹራቧ ጠቅልላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። «የተከለከለ» የሚለው ወረቀት አልተላጠም ነበር።

«ያፌት የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ረስቶት ነው» አለች። «ወይም እንድወስደው አስቦ ነው፤ የሱ ነገር አይታወቅም። እኔ ግን ጋሽ ናሆም፣ ቃሬዛ ልሸከም ነው የመጣሁት።»

«ሴት ቃሬዛ አትሸከምም።»

«ሴት ጎማ አትቀይርም ሲሉኝም ነበር።»

ሶልያና ከሞተች ወዲህ ናሆም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። አመሻሹ ላይ ደግሞ ሙዓዝ መጣ፤ ልብስ ሰፊ ነው፤ የሶልያናን መግነዝ ከሦስት አንሶላ ሰፍቶ ታጥፎ ይዞታል። እሱም እሸከማለሁ አለ። ናሆም በጣቶቹ ቆጠረ። ቃሬዛው አራት እጀታ አለው፤ ሰዎቹ ሦስት ናቸው። በአርባው ሰው መካከል አራተኛ ሰው አልተገኘም።

«እኔ ባዶውን ጫፍ እደግፋለሁ» አለች ኤልዳና። «እናዘነብላለን እንጂ አንወድቅም።»

በማግስቱ በጎሕ ናሆም በአምስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆመ። የሬዲዮዋ ሴት ገና አልተናገረችም። ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ ሁለት ጊዜ አርሶት ጡሩምባውን አነሣ። የመጀመሪያው ድምፅ ተሰባብሮ ወጣ። ሁለተኛው ግን እንደ ድሮው ረዘመ፤ በሕንፃዎቹ መካከል እየተጋጨ ሄዶ ተመለሰ።

ከታች ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ራሶች ዞሩ።

ከሕንፃው ሥር፣ ከመኪና ማቆሚያው፣ ከአጥሩ ጥግ ተነሥተው መጡ። አልሮጡም። ሰዎች ለቀብር እንደሚሄዱት አንገታቸውን አቀርቅረው፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ሴቶቹ በሌላ ወገን ሆነው ድንኳኑ ይተከልበት በነበረው ቦታ ዙሪያ ቆሙ። በብሎክ ዘጠኝ መስኮቶች የሰው ፊት ይታይ ነበር።

ቅርጫቱ ሦስቱን ሰዎችና ቃሬዛውን በሕንፃው ጀርባ አወረዳቸው። ናሆም በፊት ግራውን፣ ሙዓዝና ኤልዳና የኋላዎቹን እጀታዎች ያዙ። የፊት ቀኙ ባዶ ነበር፤ ቃሬዛው ወደዚያ አዘነበለ። ኤልዳና በአንድ እጇ የራሷን እጀታ፣ በሌላው የቃሬዛውን ጎን ይዛ እያቃሰተች ተራመደች። ወደ ሕንፃው ማዕዘን ሲደርሱ፣ «ጋሽ ናሆም» አለች በሹክሹክታ፣ «ከተበላሁ ለያፌት ቁልፉን እኔ እንዳልሰረቅሁ ንገሩልኝ።»

«ሰርቀሻል እኮ።»

«ይሁን፤ ንገሩልኝ።»

ማዕዘኑን ዞሩ። የመጀመሪያዎቹ ቆሞ ቀሮች አሥር እርምጃ ያህል ርቀዋል። ፊታቸው ጠቁሮና ደርቆ ከአጥንታቸው ጋር ተጣብቋል፤ ናሆም ግን አንድ በአንድ ለያቸው። የሰባተኛ ፎቋን ነርስ ለየ። በዱቤ ሥጋ ወስዶ ሁልጊዜ ቅዳሜ ሊከፍል የሚመጣውን ሹፌር ለየ። አንዲት ወጣት ሴት አንገቷን ወደ ሙዓዝ አዞረች፤ አፍንጫዋ ተንቀሳቀሰ፤ አፏ በዝግታ ተከፈተ። ሙዓዝ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ናሆም በነጻ እጁ ጡሩምባውን አንሥቶ አጭር ድምፅ ነፋ። አፏ ተዘጋ። አንገቷን አቀረቀረች።

ያኔ ከወንዶቹ ወገን አንዱ ተነጥሎ መጣ። ረጅም ነው፤ የለበሰው ኮት ትከሻው ላይ ተቀዳዷል። የእድሩ ዳኛ የነበሩት ጋሽ ኪሩቤል ናቸው። በሕይወት ሳሉ በማንኛውም ቀብር የፊት ቀኙን እጀታ ለሌላ ሰው ሰጥተው አያውቁም፤ በዚህም ከስንቱ ጋር ተጣልተዋል። ወደ ቃሬዛው ቀረቡ። ጋሽ ኪሩቤል የደረቀ እጃቸውን ዘርግተው የፊት ቀኙን እጀታ ያዙና ወደ ትከሻቸው አነሡት።

ቃሬዛው ቀጥ አለ።

ናሆም ወደ ጎን አልተመለከተም። ከሚስቱ እግር ፊት፣ ከወዳጁ ትከሻ ጋር ትከሻውን እኩል አድርጎ ተራመደ። ከኋላቸው የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች እግር ጠጠሩን ሲረግጥ ይሰማ ነበር።

ከብሎኩ በስተ ምሥራቅ፣ በቆርቆሮ አጥር የታጠረ፣ ከበሽታው በፊት ለሌላ ሕንፃ መሠረት የተቆፈረ ጉድጓድ አለ። ጥልቀቱ ሦስት ፎቅ ያህል ነው። በአንድ ወገን ገልባጭ መኪኖች የሚወርዱበት ዳገት፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ደግሞ የሠራተኞች የብረት መሰላል አለው። የወጣው አፈር በአፉ ላይ እንደ ኮረብታ ተከምሯል። በዳገቱ ወረዱ። ሙዓዝና ኤልዳና በጉድጓዱ ጥግ ከአጥሩ በተገነጠለ ቆርቆሮ መቃብር ሲቆፍሩ ቆሞ ቀሮቹ ዙሪያውን ከበው ቆሙ። ጋሽ ኪሩቤል እጀታቸውን የለቀቁት ቃሬዛው መሬት ሲነካ ነው። ካህን አልነበረም። ናሆም «አባታችን ሆይ» አለ፤ ሙዓዝ መዳፎቹን ወደ ሰማይ ዘረጋ። ሶልያና በመሬት ውስጥ ገባች። የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር ናሆም ጣለ። ከዚያ ጋሽ ኪሩቤል ጎንበስ ብለው አፈር ዘገኑ፤ አብዛኛው በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ፤ የቀረውን ጣሉ።

ናሆም ከኪሱ የእድሩን የስም መዝገብ አወጣ።

«አቤሜሌክ ሽታዬ» ብሎ ጠራ።

አንድ አንገት ቀና አለ።

«ሊዲያ ገብረኢየሱስ።»

ሌላ አንገት ቀና አለ። እንዲህ እያለ ሁሉንም ጠራቸው። ከሰዓት በላይ ፈጀበት፤ ድምፁ ጎረነነ እንጂ አንድም ስም አልዘለለም። ጨርሶ መዝገቡን ሲዘጋ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ እሱ ያዩ ነበር።

«አሁንስ ምን ይባላል?» አለች ኤልዳና።

«አሁንማ የሚባለው መሰናበቻው ነበር።»

«ታዲያ?»

«አልልም» አለ ናሆም። «ከዚህ ወደ የትም አይሄዱም። የጠራኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔው እቀብራቸዋለሁ።» ጡሩምባውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ መሰላሉ ሄደ። ሦስቱም ወጡ። ከጉድጓዱ አፍ ሆነው ወደ ታች አዩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ እንደቆሙ ናቸው። ማንም ወደ ዳገቱ አልተመለሰም።

ናሆም ከአፈሩ ክምር ላይ የተጣለ አካፋ አንሥቶ የመጀመሪያውን አፈር ወረወረ። ኤልዳና ሌላ አካፋ አላገኘችምና በእጇ ገፋች። ፀሐይ ከፍ ባለች ጊዜ ከብሎኩ በኩል የእግር ድምፅ ሰሙ። ሰዎቹ ሳፋ፣ ድስት፣ የሕፃን ገንዳ፣ የቁም ሣጥን በር ይዘው ይመጣሉ። ሦስት ዓመት መሬት ያልረገጠ እግራቸው ጠጠሩ ላይ ይደናቀፋል። በመጨረሻ ያፌት መጣ፤ ያንኑ ፕላስቲክ ይዟል። አፈር ሞልቶበት በሁለት እጁ እየጎተተ ወደ ጉድጓዱ አፍ አደረሰው።

«ቅርጫቱ ባዶውን ነው የሚመለሰው አላልክም?» አለችው ኤልዳና።

«ባዶውን ነው የተመለሰው» አለ ያፌት። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ሰው ሁሉ ወርዷል።»

ከዚያ ወደ ናሆም ዞረ። «ጋሽ ናሆም፣ ጥጉን ለእኔ ይተዉልኝ። እዚያ ነው ያስተማሩኝ ሴትዮ ያሉት፤ በዚያ በኩል እኔ ልሙላ።»

ጥጉን የመሙላቱ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። በየማለዳው መዝገቡ ይነበብ ነበር። አፈሩ ደረታቸው ላይ በደረሰበት ቀንም ስማቸው ሲጠራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። በየማለዳው በአሥራ ሁለት ሰዓት ከብሎኩ መስኮት የሬዲዮዋ ድምፅ ይመጣል፤ ሥራ አቁሞ የሚያዳምጥ አልነበረም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ናሆም በተደለደለው አፈር ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ከአንገቱ አወረደና «እግዜር ይስጥልን» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገውም።

የብሎክ ዘጠኝ ሰዎች በዚያው ዓመት ከሕንፃው በስተጀርባ ባለው ሜዳ ስንዴ ዘሩ። ከመንገዱ ማዶ ያሉትን የብሎክ ሰባት ነዋሪዎችም በገመድና በቅርጫት እንዲወርዱ ጠየቋቸው። ናሆም ጡሩምባውን ይዞ ሦስት ጊዜ ሄዶላቸዋል፤ ደጃፋቸውን የከበቡት ግን አልዞሩም፤ የብሎክ ሰባት እድር በስልክ የሚጠራ ነበር። ነዋሪዎቹ ከመስኮት ሆነው ሬዲዮው «ይጠብቁ» እንደሚል አስታወሷቸው፤ አመሰገኑና መስኮቱን ዘጉ።

በ2079 ዓ.ም. ግንቦት የብሎክ ሰባት በር ከሌላ ቦታ በመጡ ሰዎች ሲከፈት በውስጡ በሕይወት ያለ ሰው አልተገኘም። ደጃፉ ላይ የቆሙት ዘጠና ስድስት ነበሩ፤ በመጀመሪያው ዓመት የተቆጠሩትም ዘጠና ስድስት ነበሩ።